የሸክላ ምስሎች፤ ከፊንቄ ባሕር ዳርቻ እስከ ወለቃ

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፣ አያቶቻችንና የማኅበረሰባችን ሽማግሌዎች፤

ይህን ጽሑፍ የጀመርነው «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እንዳትሉን እየሰጋን ነው። ስለ ሸክላ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። እኛ በክፋር ግቢሮል የምንኖር የቅርስ ክፍል ተማሪዎች ነን። የተወለድነው እዚሁ እስራኤል ውስጥ ነው፤ የምንማረውም በዕብራይስጥ ነው። አማርኛችን ከቤት የሰማነውና በዚህ ክፍል የተስተካከለው ነው። ስለዚህ የተሳሳትንበት ቦታ ካለ እንድታርሙን ከወዲሁ እንጠይቃለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥናቱ እንዲህ ተጀመረ። በታሪክ ትምህርት ስለ ፊንቄ ሕዝብ ስንማር በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ አየን። በገበታ ላይ ጎንበስ ብላ ሊጥ የምታቦካ ሴት ናት፤ የተሠራችው ከሸክላ ነው። ከመካከላችን አንዷ ሥዕሉን እንዳየች «ይቺማ እኛ ቤት ቡፌው ላይ አለች!» አለች። ሁላችንም ሳቅን። በማግሥቱ ግን በፎጣ ጠቅልላ አመጣቻት። እንስራ ያዘለች ጥቁር የሸክላ ሴት ናት፤ አያቷ ከጎንደር ይዘዋት የመጡ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን ስናይ ገረመን። ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ የሚራራቁ ሁለት ሥራዎች እንደ እኅትማማች ይመስሉ ነበር። «ታዲያ ዝምድና አላቸው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተወንም።

1. ፊንቄዎች እነማን ነበሩ?

ፊንቄዎች ዛሬ ሊባኖስ በሚባለው አገርና በሰሜን እስራኤል ባሕር ዳርቻ ይኖሩ የነበሩ ከነዓናውያን ናቸው። «ፊንቄ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ግሪኮች ናቸው። እነርሱ ራሳቸውን በከተማቸው ነበር የሚጠሩት፤ የጢሮስ ሰው፣ የሲዶና ሰው፣ የጌባል ሰው እያሉ። እነዚህን ስሞች ከመጽሐፍ ቅዱስ ታውቋቸዋላችሁ። ለንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደስ የዝግባ እንጨት የላከው ኪራም የጢሮስ ንጉሥ ነበር። የቤተ መቅደሱን የናስ ዕቃ የሠራውም ኪራም የሚባል ሌላ ሰው ሲሆን፣ አባቱ የጢሮስ ሰው፣ እናቱ ደግሞ ከንፍታሌም ነገድ ነበረች። መጽሐፈ ነገሥት እንደሚለው ናሱ የፈሰሰው በዮርዳኖስ ሜዳ በሸክላ አፈር ውስጥ ነው።

ፊንቄዎች መርከበኞችና ነጋዴዎች ነበሩ። ከባሕር ቀንድ አውጣ ሐምራዊ ቀለም ያወጡ ነበር። በ22 ፊደላትም ይጽፉ ነበር። የእነርሱ ፊደልና የእኛ የግዕዝ ፊደል ከአንድ ጥንታዊ ግንድ የወጡ ናቸው። ዕብራይስጡ «አሌፍ፣ ቤት» ሲል ግዕዙም «አልፍ፣ ቤት» ይላል። ይህን ስናውቅ ደስ አለን። የሸክላ ምስሎቹም እንደ ፊደሉ ከአንድ ግንድ የወጡ መስሎን ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም።

2. የፊንቄ የሸክላ ምስሎች

ከነሃሪያ በስተሰሜን በባሕሩ ዳር አክዚብ የምትባል ጥንታዊ ከተማ ነበረች። ስሟ በመጽሐፈ ኢያሱ በአሴር ነገድ ርስት ውስጥ ተጽፏል። እዚያ በነበሩ የመቃብር ዋሻዎች ውስጥ ተመራማሪዎች ብዙ የሸክላ ምስሎች አግኝተዋል። የመጀመሪያው ትልቅ ቁፋሮ የተካሄደው በ1940ዎቹ በእንግሊዞች ዘመን ነበር። ሊጥ የምታቦካዋ ሴት የአክዚብ ናት። በገንዳ ውስጥ ተቀምጣ ገላዋን የምትታጠብ ሴት፣ ከበሮ የያዘች ሴት፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ እጇን በሆዷ ላይ ያደረገች እርጉዝ ሴትም ተገኝተዋል። ከንጉሥና ከጦርነት ይልቅ የቤት ኑሮ የሚታይባቸው መሆናቸው ነው እኛን የሳበን።

አሠራራቸው ሦስት ዓይነት ነበር። አንደኛው በእጅ ብቻ የሚሠራ ነው። ሁለተኛው አካሉን እንደ ማሰሮ በሚሽከረከር መንኮራኩር ላይ ሠርቶ ራስና እጅ መቀጠል ነው። ሦስተኛው በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ጭቃውን ተጭኖ ማውጣት ነው። በሦስተኛው መንገድ አንድ ሰው በአንድ ማውጫ ብዙ ተመሳሳይ ምስል ሊያወጣ ይችላል። ይህ ለገበያ ይመቻል።

ሌላው የሚያስገርም ቦታ ሻቬ ጽዮን ነው። በዚህ ሞሻብ ፊት ለፊት ባሕሩ ውስጥ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጠላቂዎች ወደ 300 የሚጠጉ ምስሎችና ስብርባሪዎች አወጡ። አብዛኞቹ የሴት ምስሎች ናቸው። በአንዳንዶቹ ላይ የፊንቄዎች አምላክ የነበረችው የታኒት ምልክት አለ፤ ከታች ሦስት ማዕዘን፣ ከላይ ክብ፣ በመካከላቸው አግድም መስመር። በዚያን ጊዜ የተሰጠው አስተያየት «ጭነት የያዘ መርከብ ሰጥሞ ነው» የሚል ነበር። በ2020 ግን የሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕቃዎቹን እንደገና መርምረው ሌላ መልስ አወጡ። ዕቃዎቹ የአንድ ቀን አይደሉም፤ ከ7ኛው እስከ 3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደት ባሉት 400 በሚያህሉ ዓመታት ውስጥ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ሰዎች በስለት መልክ በየጊዜው ወደ ባሕሩ ሲጥሏቸው እንደኖሩ ደመደሙ። ምናልባት ልጅ እንዲወለድላቸው፣ ወይም መርከበኛው በሰላም እንዲመለስላቸው ይሆናል።

ከዚህ አንድ ትምህርት አገኘን። አንድ ነገር ለረጅም ጊዜ እንደ እውነት ሲነገር ቢኖርም እንኳ ዕቃውን እንደገና ማየት ያስፈልጋል። ይህ ትምህርት ቆይቶ በራሳችን ላይ ደረሰ።

3. በይሁዳም ነበሩ

ምስሎች የነበሩት በፊንቄ ብቻ አይደለም። በይሁዳ ምድርና በኢየሩሳሌም ራሷ በንጉሥ ሕዝቅያስና ከእርሱ በኋላ በነበሩት ነገሥታት ዘመን ማለትም በ8ኛውና በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደት የተሠሩ ወደ አንድ ሺህ የሚሆኑ የሸክላ ሴቶች ምስሎች ወይም ስብርባሪዎች ተገኝተዋል። አካላቸው እንደ ዓምድ ቀጥ ያለ ነው፤ እግር የላቸውም። ብዙዎቹ የተገኙት በመኖሪያ ቤቶች ውስጥ ነው። አንዳንድ ምሁራን የጣዖት ምስል ናቸው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ቤትንና ሕፃናትን ከበሽታ ይጠብቃሉ ተብለው የተቀመጡ ናቸው ይላሉ። ነቢያት ለምን አጥብቀው ይገሥጹ እንደነበር ከዚህ እንረዳለን።

4. የወለቃ ሸክላ ሠሪዎች

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። ወለቃ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች መንደር ናት። ብዙዎቻችሁ በእግራችሁ ሄዳችሁባታል። ቤተ እስራኤል በዚያም ሆነ በሌሎቹ መንደሮች በእጅ ሥራ የታወቁ ነበሩ። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸማ ይሠሩ ነበር። ሴቶቹ ደግሞ ሸክላ ይሠሩ ነበር።

ለምን በእጅ ሥራ? መልሱ መሬት ነው። የታሪክ መጻሕፍት እንደሚሉት በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን በጦርነት ካሸነፈ በኋላ ክርስትና ያልተነሣ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ አዘዘ። ርስት የሌለው ሰው የሌላውን መሬት እያረሰ ከምርቱ ያካፍላል፤ የጎደለውን በእጁ ሥራ ይሞላል። በጎንደር ዘመን፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ከቤተ እስራኤል ብዙዎች በግንበኝነትና በአናጢነት ለነገሥታቱ ሠርተዋል። ሸክላው ግን የእናቶች ሆኖ ቀረ። የገበሬው ሚስት ወጥ የምትሠራበት ድስት፣ እንጀራ የምትጋግርበት ምጣድ፣ ጠላ የምትጠምቅበት ጋን፣ ውኃ የምትቀዳበት እንስራ፣ ቡና የምታፈላበት ጀበና ከቤተ እስራኤል እጅ ይወጣ ነበር።

በ1975 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ቤተ እስራኤልም መሬት የማግኘት መብት አገኙ። ነገር ግን ያን ጊዜ የእጅ ሥራው የብዙ ቤት ጉሮሮ ሆኖ ነበር።

5. ምስሎቹ መቼ ተጀመሩ?

እዚህ ላይ ስሕተታችንን እንናዘዛለን። የመጀመሪያውን ረቂቅ ስንጽፍ «ቤተ እስራኤል ይህን ጥበብ ከሰሎሞን ዘመን ከጢሮስ ባለሙያዎች ተቀብለው ሦስት ሺህ ዓመት ጠብቀው አቆዩት» ብለን ነበር። በጣም የሚያምር ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ሁላችንም ወደነው ነበር። መምህራችን ግን «ማስረጃችሁ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁን። ምንም ማስረጃ አልነበረንም።

ከዚያ ፈለግን። በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ስቲቨን ካፕላንና አብረዋቸው ሐይም ሮዘን በ1996 ስለ ቤተ እስራኤል ምስሎች ጥናት አሳትመዋል። እንደ እነርሱ አባባል ምስሎቹ ከጥንት የወረዱ አይደሉም፤ የውጭ ሰዎች መምጣት ከጀመሩ በኋላ ለሽያጭ የተስፋፉ ናቸው። የጎንደርን ግንብ ለማየት የሚመጣ ጎብኚ ጋንና ምጣድ ተሸክሞ በአውሮፕላን አይሄድም። እጅ ላይ የምትያዝ ትንሽ ምስል ግን ይገዛል። ወለቃ ደግሞ ለከተማውና ለመንገዱ ቅርብ ናት። ስለዚህ እናቶች በሸክላ የሚያውቁትን ኑሮ መሥራት ጀመሩ። የምትፈጭ ሴት፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ኦሪት የያዘ ቄስ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ፣ አንበሳ። በአንበሳው ላይ ወይም በቤተ ጸሎቱ ጣሪያ ላይ የዳዊት ኮከብ ይደረግ ነበር። ይህም ምልክት ከውጭ ከመጡ አይሁዶች ጋር መገናኘት ካመጣቸው ነገሮች አንዱ ነው።

መጀመሪያ አዘንን። ሦስት ሺህ ዓመት የነበረው ነገራችን በአንድ ጊዜ ወደ አያቶቻችን ዕድሜ ወረደ። አያታቸውን ወክላ ምስሏን ያመጣችው ጓደኛችን ይህን ቤት ሄዳ ስትነግራቸው ግን እሳቸው ሳቁ። «ታዲያ ማን ሦስት ሺህ ዓመት ነው አላችሁ? እኔ ነኝ የሠራኋት!» አሉ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ምስሏን የገዟት ይመስላት ነበር።

6. እማማ የነገሩን አሠራር

በዚያው ሳምንት አምስታችን ሆነን እማማ ቤት ሄድን። ቡና አፈሉልን፤ ከዚያም ስለ ሥራው ጠየቅናቸው። የነገሩንን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

ሀ) የሸክላ አፈር ከሁሉም ቦታ አይገኝም። የሚቆፈርበትን ቦታ እናት ለልጇ ታሳያለች። አፈሩ ከተቆፈረ በኋላ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በወንፊት ይነፋል፤ ጠጠርና ሥር ይወጣለታል።

ለ) አፈሩ ብቻውን ቢሠራ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ይጨመርበታል። የተሰበረ ድስት በከንቱ አይጣልም፤ ተፈጭቶ ለአዲሱ ድስት አጥንት ይሆናል።

ሐ) ከዚያ በውኃ ይለወስና እንደ ሊጥ ይታሻል። አየር እንዳይቀር በደንብ መታሸት አለበት።

መ) የሚሠራው በእጅ ነው፤ መንኮራኩር የለም። ከፊንቄዎቹ የሚለይበት አንዱ ነገር ይህ ነው። ቅርጽ ማውጫም የለም። ስለዚህ ሁለት ምስሎች ፈጽሞ አንድ ዓይነት አይሆኑም።

ሠ) ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይደርቃል። ሲጠነክር በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፤ ያን ጊዜ ያብረቀርቃል።

ረ) በመጨረሻ ሜዳ ላይ በኩበት፣ በእንጨትና በጭድ ተሸፍኖ ይቃጠላል። ጥቁር እንዲሆን ከተፈለገ ትኩስ እንዳለ በጭድ ወይም በቅጠል ይታፈናል፤ ጭሱ ይገባበታል።

እኛም በክፍል ውስጥ ሞክረን ነበር። አሥራ አንድ ምስል ሠራን። ቶሎ እንዲደርቅልን ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጥናቸው፤ በማግሥቱ አምስቱ ተሰንጥቀው አገኘናቸው። ለእማማ ስንነግራቸው «ሸክላ እንደ አራስ ነው፤ ነፋስም ፀሐይም አይወድም» አሉን። በሳይንስ ክፍል ምክንያቱን ጠየቅን። ውጭው ቶሎ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ስለሆነ አይከተለውም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። እሳት ውስጥም በውስጡ የቀረው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል። እማማ የፊዚክስ መጽሐፍ ሳያነቡ ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አሳዩን። ጀበናቸውን አንስተው በጣታቸው ጥፍር መቱት፤ ጥርት ያለ ድምፅ አወጣ። «ይህ ደህና ነው። ድምፁ ከታፈነ ግን የማይታይ ስንጥቅ አለበት» አሉ።

7. ለምን አልነገሩንም?

ከሁሉም የከበደን ጥያቄ ይህ ነበር። ጓደኛችን አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ከአያቷ ጋር በአንድ ቤት ስትኖር አያቷ ሸክላ ሠሪ እንደነበሩ አታውቅም ነበር። እማማ መጀመሪያ ሊመልሱልን አልፈለጉም። ስኒውን አነሡ፣ አስቀመጡ። ከዚያ «ቡዳ ይሉን ነበር» አሉ።

ወላጆቻችን ቃሉን ታውቁታላችሁ፤ እኛ ግን ትርጉሙን የተማርነው ያን ቀን ነው። በኢትዮጵያ ብረት የሚቀጠቅጠውንና ሸክላ የሚሠራውን ሰው ጎረቤቶቹ ይፈሩት ነበር። በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይሉት ነበር። እሳትና አፈር የሚያዝ እጅ ለእነርሱ የጥንቆላ እጅ ነበር። በእማማ እጅ የተሠራውን ድስት ገዝተው ወጥ ይበሉበታል፤ ልጃቸው ቢታመም ግን የሚጠረጥሩት እማማን ነው። ርስት ስለሌላቸው ሸክላ ሠሩ፤ ሸክላ ስለሠሩ ተሰደቡ።

እዚህ ከመጡ በኋላም ነገሩ አላበቃም። አንድ ጊዜ በአንድ የዐውደ ርእይ ቦታ (ስሙን አንጽፍም) ከእማማ ምስል ጋር የሚመሳሰል ሥራ «የጥንት የአፍሪካ ጣዖት» ተብሎ ተጽፎበት አዩ። ማንበብ ስለማይችሉ ልጃቸው አነበበላቸው። «ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ይሻላል አልኩ» አሉን። «በዚያ ጅብ ተባልን፣ በዚህ ጣዖት አምላኪ። ልጆቼ ይህን አይውረሱ ብዬ ነው።»

ምን እንደምንመልስ አላወቅንም። ቡናችን በረደ።

8. ታዲያ ጣዖት ናቸው ወይ?

ይህን ጥያቄ ማለፍ አልፈለግንም፤ ምክንያቱም ከሽማግሌዎቻችንም አንዳንዶቹ ሲጠይቁ ሰምተናል። በዐሥርቱ ቃላት የተቀረጸ ምስል ለአምልኮ ማድረግ ተከልክሏል። የፊንቄ ምስሎች በመቃብርና በባሕር ውስጥ ከስለት ጋር ተገኝተዋል። የይሁዳዎቹንም ነቢያት የሚወዱት ዓይነት ነገር አልነበረም። የወለቃዎቹስ?

መልሳችንን ከሁለት ነገር ወሰድን። አንደኛ፣ ዕቃው ወዴት እንደሄደ መጠየቅ ነው። የወለቃ ምስል ከእሳት ወጥቶ መንገድ ዳር ተደርድሮ ለጎብኚ ይሸጣል። ማንም አልሰገደለትም፣ ማንም ስለት አላስገባለትም፤ በገንዘቡ ጨውና ዘይት ተገዝቶበታል። ሁለተኛ፣ ምስሉ ምን እንደሚያሳይ ማየት ነው። ቄሱ ኦሪት ይዞ ነው የተሠራው። ጣዖት የሚሠራ ሰው ኦሪት አያስይዘውም።

እማማ ደግሞ በራሳቸው መንገድ መለሱልን። «አዳምስ ከምን ተሠራ?» አሉ። እኛም ነቢዩ ኤርምያስ የአምላክን ቃል እንዲሰማ የተላከው ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት መሆኑን አስታወስን። ሸክላ ሥራ የሚያሳፍር ቢሆን ኖሮ ወደዚያ ባልተላከ ነበር።

9. ከ1991 በኋላ

ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ እስራኤል ገቡ። ወለቃም ቤተ እስራኤሎቿን አጣች። የሚያስገርመው ግን ምስሎቹ አልቆሙም። የቀሩት የክርስቲያን ጎረቤቶች ሴቶች የዳዊት ኮከብ ያለበትን ምስል እየሠሩ ለጎብኚ መሸጥ ቀጠሉ። ቤተ እስራኤልን ለእጅ ሥራቸው ይሰድብ የነበረ መንደር ያንኑ እጅ ሥራ መተዳደሪያው አደረገው። ይህን ለማሽሟጠጥ አንጽፈውም፤ ሥራው ራሱ ነውር እንዳልነበረው ግን ያሳያል።

በእስራኤል ደግሞ ጋንና እንስራ የሚፈልግ ሰው የለም። ውኃ ከቧንቧ ይወርዳል፣ እንጀራው በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል። ስለዚህ ዕቃው ቀርቶ ምስሉ ዘለቀ። በቤር ሸባና በሌሎች ከተሞች እናቶች ተሰብስበው ምስል የሚሠሩባቸው ቦታዎች ተከፍተው ነበር። አፈሩ ከሱቅ የተገዛ፣ እሳቱም የኤሌክትሪክ ነው። የሚሠሩት ግን የተዉትን መንደር ነው፤ ጎጆውን፣ ወፍጮውን፣ በእግር ወደ ሱዳን የተጓዘውን ሰው።

10. ማጠቃለያ

ያገኘነውን በአጭሩ እናስቀምጥ።

በፊንቄና በወለቃ ምስሎች መካከል የታሪክ መስመር አላገኘንም። ዘመኑ ይለያያል፣ አሠራሩ ይለያያል፣ ዓላማውም ይለያያል። የፊንቄው ለአምላክ የተሰጠ ነው፤ የወለቃው ለልጆች ዳቦ የተሸጠ ነው።

ታዲያ ለምን ይመሳሰላሉ? አፈሩ ራሱ ስለሚያስገድድ ይመስለናል። እጅ ረጅምና ቀጭን ሆኖ ከተሠራ ይሰበራል፤ ስለዚህ ሠሪዋ እጁን ከሆድ፣ ከጡት ወይም ከገበታው ጋር ታያይዘዋለች። እግር ምስሉን አያቆመውም፤ ስለዚህ ቀሚስ ታለብሰዋለች። ደግሞም ሊጥ የምታቦካ ሴት በአክዚብም በወለቃም ያው ሊጥ የምታቦካ ሴት ናት። ሁለቱም ሠሪዎች ከፊታቸው ያለውን ኑሮ ነው የሠሩት።

አንድ ልዩነት ግን ለእኛ ከሁሉም ይበልጣል። የአክዚብን ሴት ማን እንደሠራት ማንም አያውቅም፤ ስሟ ጠፍቷል። ተመራማሪዎች ለስሕተታቸው ማረሚያ 50 ዓመት የፈጀባቸው ሠሪዎቹን መጠየቅ ስለማይቻል ነው። የወለቃዋን ሴት የሠሩት እማማ ግን ከእኛ ሁለት ሕንፃ አልፈው ነው የሚኖሩት፤ ቡና ያፈሉልናል። እኛ ሳንጠይቅ ቀርተን ኖሮ ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ተማሪ ያቺን ምስል አንስቶ «ጣዖት ሳትሆን አትቀርም» ብሎ ይጽፍ ነበር።

ስለዚህ ወላጆቻችንና ሽማግሌዎቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ስድቡን እንዳንወርስ ብላችሁ ዝም እንዳላችሁ ተረድተናል፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን ከስድቡ ጋር ሙያውም አብሮ ተቀበረብን። ስድቡንም ንገሩን፤ እኛ እንሸከመዋለን። ሙያውንም ንገሩን።

እማማ ባለፈው ወር ወደ ክፍላችን መጥተው ነበር። መጀመሪያ «እጄ ረስቷል» አሉ። ጭቃውን ሲይዙት ግን ጣቶቻቸው አልረሱም ነበር። ለጓደኛችን አንድ ትንሽ ሴት ሠሩላት፤ ጀርባዋ ላይ የትምህርት ቤት ቦርሳ አዝላለች። በጥላ ሥር አሥር ቀን አደረቅናት። አልተሰነጠቀችም።

በቤት ለመወያየት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ከኢትዮጵያ የመጣ የሸክላ ዕቃ ወይም ምስል አለ? ማን ሠራው? የተሠራው በየትኛው መንደር ነው?
2. የሸክላ አፈር የምትቆፍሩበት ቦታ ስሙ ምን ነበር? ቦታውን ማን አሳያችሁ?
3. አዲስ ምጣድ ስታሟሹ ምን ትጠቀሙ ነበር?
4. ስለ እጅ ሥራችሁ የተሰደባችሁበት ጊዜ ነበር? ለልጆቻችሁ ነግራችኋል?
5. ከሽማግሌዎቻችን መካከል ምስል መሥራት ተገቢ አይደለም የሚሉ ካሉ ምክንያታቸውን ለመስማት እንፈልጋለን፤ መልሳቸውንም በክፍል ውስጥ እንወያይበታለን።

መልሳችሁን በአማርኛም በዕብራይስጥም ብትነግሩን እንጽፈዋለን። መጻፍ የማይመቻችሁ ከሆነ እኛ ቤት ድረስ መጥተን እንሰማለን።